በአንድ ማሊያ ማርጀት፦ የልብ ጉዳይ ነው የውል?

ሜይ 28 ቀን 2017 ሮም ውስጥ አንድ ስታዲየም ሙሉ ሰው አለቀሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ተሸንፈው አይደለም፤ ሮማ ጄኖዋን 3 ለ 2 ረትቷል። ያስለቀሳቸው የፍራንቼስኮ ቶቲ ስንብት ነው። ሰውየው 40 ዓመቱ ነበር። በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ከተሰለፈ ጀምሮ ሌላ ክለብ አያውቅም። 786 ጨዋታ፣ 307 ግብ፣ አንድ ማሊያ። ማይክ ይዞ ሜዳ መሃል ቆመና ከነገ ጀምሮ የሚመጣውን ሕይወት እንደሚፈራ ለደጋፊው ነገረ።

እንዲህ ያለ ስንብት በታየ ቁጥር አንድ ወሬ ይነሳል። ድሮ ተጫዋች ታማኝ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ገንዘብ አበላሸው ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ለክርክርም ይመቻል። ችግሩ ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑ ነው። አንድ ተጫዋች በአንድ ክለብ እንዲያረጅ የእሱ ልብ ብቻውን አይበቃም። ሕጉ፣ ክለቡ፣ አሰልጣኙ፣ ሌላው ቀርቶ የክለቡ ሂሳብ ሠራተኛ ሳይቀር መስማማት አለባቸው። የሂሳብ ሠራተኛው ነገር ቀልድ ይመስላል። እንደርስበታለን።

መጀመሪያ «የአንድ ክለብ ሰው» የሚባለው ማን ነው? በጥብቁ ትርጉም ካየነው፣ በሙያ ዘመኑ ለአንድ ክለብ ዋና ቡድን ብቻ የተጫወተ ነው። ይህ ትርጉም ግን አንዳንዴ ጨካኝ ነው። የዌስትሃሙ ማርክ ኖብል ከ2004 እስከ 2022 እዚያው ነበር፤ ግን በልጅነቱ ለአጭር ጊዜ ለሃልና ለኢፕስዊች በውሰት ተሰጥቷል። ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የሐምቡርጉ ኡቨ ዜለር ይብሳል። 19 ዓመት ለአንድ ክለብ ተጫውቶ በ1972 አቆመ። ከስድስት ዓመት በኋላ አየርላንድ ውስጥ ለኮርክ ሴልቲክ አንድ ጨዋታ ተሰለፈና ሁለት ግብ አገባ። እሱ የወዳጅነት ጨዋታ መስሎታል። ለካ የሊግ ጨዋታ ኖሯል! ታዲያ በዚያች 90 ደቂቃ ምክንያት ዜለርን ከታማኞች መዝገብ ልንሰርዘው ነው? ጂጂ ሪቫንም አስቡት። ከሌኛኖ ክለብ የመጣ ልጅ ስለሆነ ጥብቁ ትርጉም አያስገባውም። ግን ከ1963 እስከ 1976 በካሊያሪ ቆይቶ፣ ዩቬንቱስ ሲፈልገው እምቢ ብሎ፣ ያቺን የደሴት ክለብ በ1970 የጣሊያን ሻምፒዮን አድርጓታል። ለእኔ ከብዙ «ንጹሕ» ታማኞች እሱ ይበልጣል። ስለዚህ ቆጠራውን ለስታቲስቲክስ ወዳጆች እንተወው።

አሁን ወደ ድሮው እንሂድ። በእንግሊዝ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ክለቦች ተጫዋቹን በምዝገባ ያስሩት ነበር። ውሉ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነፃ ይወጣል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ውሉ ያልቃል፣ ምዝገባው ግን በክለቡ እጅ ይቀራል። ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ ቦታ መጫወት አይችልም። ደመወዝ ባይከፈለውም አይችልም። በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያ ነበር። በ1901 ሲጀመር በሳምንት 4 ፓውንድ፣ በ1961 ሲነሳ 20 ፓውንድ። አገር ውስጥ የትም ብትሄድ ጣሪያው ያው ነው። እንግዲህ ለምን ትሄዳለህ?

ቶም ፊኒን እንውሰድ። የፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ሰው ነው፤ ከኳሱ ጎን ለጎን የቧንቧ ሥራ ሙያ ነበረው። በ1952 የጣሊያኑ ፓሌርሞ ፈለገው። ለፊርማ ብቻ 10,000 ፓውንድ፣ በወር 130 ፓውንድ፣ መኖሪያ ቪላ፣ መኪና። በእንግሊዝ የሚያገኘው በሳምንት 14 ፓውንድ ነበር። ፊኒ ነገሩን ለክለቡ ሊቀመንበር አቀረበ። መልሱ አጭር ነበር፤ ለፕሬስተን ካልተጫወተ ለማንም አይጫወትም። ፊኒም ቀረ፤ እስከ 1960 እዚያው ተጫወተ። ዛሬ ስሙ ከታላላቅ ታማኞች ጋር ይነሳል። ክለቡን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ግን በሩ ተቆልፎበት የቀረን ሰው «መቅረት መረጠ» ማለት ይከብዳል። በነገራችን ላይ እሱም እንደ ዜለር መዝገቡን አበላሽቷል። ካቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሰሜን አየርላንዱ ዲስቲለሪ በአውሮፓ ዋንጫ ከቤንፊካ ጋር አንድ ጨዋታ ተጫውቷል።

ቁልፉ በየአገሩ መልኩን ይለዋውጣል። ሌቭ ያሺን 20 ዓመት የዲናሞ ሞስኮን በር ጠብቋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሶቪየት ተጫዋች ሻንጣውን ይዞ ወደ ማድሪድ ወይም ሚላን መሄድ የሚባል ነገር አልነበረውም። በእንግሊዝ ቁልፉን ያነቃነቀው ጆርጅ ኢስትሃም ነው። ኒውካስል አልለቅም ሲለው ኳስ አቁሞ ለወራት ቡሽ ሲሸጥ ቆየ። በመጨረሻ ወደ አርሰናል ተሸጠ፤ ክሱን ግን አልተወም። በ1963 ፍርድ ቤቱ ይህ የማሰር ሥርዓት ሰውን ሠርቶ እንዳይበላ ያለአግባብ የሚከለክል ነው አለ።

በሩን የገነጠለው ግን ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ነው። በ1990 ከአርኤፍሲ ሊዬዥ ጋር የነበረው ውል አለቀ። ክለቡ ደመወዙን በእጅጉ ቀንሶ አዲስ ውል አቀረበለት። የፈረንሳዩ ደንከርክ ሊወስደው ፈለገ፤ የዝውውሩ ክፍያ ነገር አልሆነም። ቦስማን ሥራ የሌለው፣ ግን «የተያዘ» ሰው ሆነ። ከሰሰ። አምስት ዓመት ፈጀ። ዲሴምበር 15 ቀን 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ መሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ የእግር ኳስ ማኅበራት ክለቦች የሚያሰልፏቸውን የኅብረቱን አገራት ተጫዋቾች በቁጥር መገደብ አይችሉም። ለራሱ ለቦስማን ግን ኳሱም ገንዘቡም ሳይሆንለት ቀረ። ሚሊየነር የሆኑት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ከዚህ ቀን በኋላ ነው እንግዲህ «ታማኝነት» የሚለው ቃል ትርጉም የሚሰጠው። መሄድ ሲቻል ነው መቅረት ምርጫ የሚሆነው። ደግሞ አንድ ጊዜ የሚመረጥ ምርጫ አይደለም። በፊፋ ደንብ የአንድ ውል ርዝመት በመደበኛው ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ውሉ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር በነፃነት መነጋገር ይችላል። ክለቡም ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀር ላብ ላብ ይለዋል። ወይ ፈርም፣ ወይ ልሽጥህ። ስለዚህ 20 ዓመት በአንድ ክለብ መቆየት ማለት አምስትና ስድስት ጊዜ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ በየጊዜው ያንኑ መንገድ መያዝ ነው። ያውም ሁለቱም ወገን ይዘውት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ክለቡና ተጫዋቹ ለ20 ዓመት እኩል ደረጃ ላይ መቆየት አለባቸው። ክለቡ ከተጫዋቹ በላይ ካደገ፣ በእሱ ቦታ የተሻለ ያመጣል። ተጫዋቹ ከክለቡ በላይ ካደገ፣ ትልቅ ክለብ ይወስደዋል። ራያን ጊግስ 963 ጊዜ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሰልፏል። ክብሩን አልቀንስበትም። ግን 13 የሊግ ዋንጫ የሚያሸልም ክለብ ውስጥ ሆኖ ወዴት ነበር የሚሄደው? ደግሞ ከ1991 እስከ 2013 አሰልጣኙ አንድ ሰው ነበር፤ አሌክስ ፈርጉሰን። አሰልጣኝ በየሁለት ዓመቱ በሚቀያየርበት በዛሬው ኳስ፣ አንድ ተጫዋች በ20 ዓመት ውስጥ አሥር አለቃ ሊፈራረቅበት ይችላል። ከአሥሩ አንዱ ካልወደደው ታሪኩ እዚያ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ቶቲ ራሱ በመጨረሻው ዓመት ተኩል ገደማ ከአሰልጣኙ ሉቺያኖ ስፓሌቲ ጋር ተቃቅሮ ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር።

የቶቲ ጉዳይ ግን ከጊግስ ይከብዳል። ሪያል ማድሪድ በጉልበቱ ዘመን ፈልጎታል። ቢሄድ ኖሮ ዋንጫ ይታቀፍ ነበር። በሮማ 25 የውድድር ዘመን ያገኘው የሊግ ዋንጫ አንድ ብቻ ነው፤ የ2001ዱ። ደመወዙ ጥሩ ነበርና ከኪሱ አልተጎዳም። የከፈለው በዋንጫ ነው። ፍራንኮ ባሬሲም በራሱ መንገድ ከፍሏል። ኤሲ ሚላን በ1980 እና በ1982 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ አብሮ ወርዶ አብሮ ተመልሷል። ክለቡ ዳግም የአውሮፓ ንጉሥ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። አንድን ታማኝ ለመመዘን የእኔ ጥያቄ ይቺው ናት፤ ሲቀር ምን አጣ?

ስለ ልብ ካነሳን ይህንንም ልጨምር። የሊቨርፑሉ ጄሚ ካራገር 737 ጨዋታ ለአንድ ክለብ ብቻ ተጫውቷል። በልጅነቱ ግን የኤቨርተን ደጋፊ ነበር። የጎረቤት ባላንጣ! ፍቅር ሁልጊዜ ከእናት ሆድ ይዘነው የምንወጣው አይደለም። አንዳንዱ ከሥራ ጋር ይመጣል።

አሁን ወደ ሂሳብ ሠራተኛው። ትንሽ ቁጥር አለበት፤ ታገሱኝ።

አንድ ክለብ ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ እንበል። ውሉ አምስት ዓመት ነው። ገንዘቡ በመዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ ወጪ ተብሎ አይጻፍም። ለአምስት ተካፍሎ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ይጻፋል። ሁለት ዓመት ሲሞላ 40ው ተቀንሶ በመዝገብ ላይ የተጫዋቹ ዋጋ 60 ሚሊዮን ይሆናል። በ60 ሚሊዮን ከሸጠው ትርፉ ዜሮ ነው። በ70 ከሸጠው 10 ሚሊዮን ብቻ። አሁን ደግሞ በስድስት ዓመቱ ከሰፈር መጥቶ በአካዳሚ ያደገውን ልጅ ተመልከቱ። ክለቡ ለዝውውር የከፈለበት የለም። በመዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። በ40 ሚሊዮን ሲሸጥ 40ውም ትርፍ ነው። ትርፉም በአንድ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ይመዘገባል።

ይህ ለምን ያሳስባል? በፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እንዳሻቸው እንዳይከስሩ የወጣ ደንብ ስላለ ነው። ባለፉት ዓመታት በሠራበት ስሌት፣ ባለቤቶቹ ጉድለቱን እስከሸፈኑ ድረስ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይችልም ነበር። ካለፈ ነጥብ እስከመቀነስ ይቀጣ ነበር። ስለዚህ የሂሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የክለቡ ሰዎች መዝገብ ገልጠው ይጠይቃሉ። ማንን ብንሸጥ ቀዳዳው ቶሎ ይደፈናል? መልሱ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ልጅ ነው።

ምሳሌ አይጠፋም። ቼልሲ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገውን ሜሰን ማውንትን በ2023 ለማንቸስተር ዩናይትድ ሸጠ። በዓመቱ ኮነር ጋላገርን ለአትሌቲኮ ማድሪድ። ኒውካስል የአካባቢውን ልጅ ኤሊዮት አንደርሰንን በ2024 ለኖቲንግሃም ፎረስት የሰጠው በዚሁ ደንብ ተጨንቆ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድም በዚያው ክረምት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያደገበትን ስኮት ማክቶሚናይን ለናፖሊ ሸጠ፤ ልጁ በዓመቱ የጣሊያን ሻምፒዮንና የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር የሁሉም ምክንያት ሂሳብ ብቻ አይደለም። የማውንት ውል ለምሳሌ አንድ ዓመት ነበር የቀረው፣ በአዲሱም አልተስማሙም። ግን አሰራሩ ወዴት እንደሚገፋ ግልጽ ነው። በውድ የተገዛው እንግዳ ለመሸጥ ይከብዳል፤ የቤቱ ልጅ ይቀላል። ታማኝ ለመሆን ከሁሉ የቀረበው ልጅ፣ ለገበያም ከሁሉ የቀረበው ሆነ። ክለብን በቁጥብነት ለማስተዳደር የወጣ ደንብ የእንጀራ ልጅ አደረገው።

በተቃራኒው የሚጎትትም ደንብ አለ። በአውሮፓ ውድድሮች ከሚመዘገቡት 25 ተጫዋቾች ስምንቱ በአገር ውስጥ ያደጉ፣ ከስምንቱም አራቱ በራሱ በክለቡ ያደጉ መሆን አለባቸው። «ያደጉ» ማለት ከ15 እስከ 21 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ሦስት የውድድር ዘመን እዚያ ያሳለፉ ማለት ነው። ያልሞላ ክለብ ዝርዝሩ ያጥርበታል። ደንቡ ጥሩ ነው፣ ግን ጥርስ የለውም። አራቱ የግድ ይሰለፉ አይልም። ሦስተኛ በረኛም ቁጥር ይሞላል።

በጉዳዩ ለየት ያለው የስፔኑ አትሌቲክ ቢልባኦ ነው። የሚያሰልፈው የባስክ ተወላጆችን ወይም እዚያ ያደጉትን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ልጅ ቢሄድበት የትም ገበያ ወጥቶ መተኪያ አይገዛም። የሚመርጥባቸው ተጫዋቾች ጥቂት ስለሆኑ ያለውን አጥብቆ ይይዛል። ቢሆንም በረኛው ኬፓ በ2018 በ80 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ቼልሲ ሄዷል፤ በውሉ የተጻፈውን ማስለቀቂያ የሚከፍል ከመጣ ማገድ አይቻልም። ይኸው ክለብ ከ2015 ጀምሮ ለሌሎች ክለቦች ታማኞች ሽልማት ይሰጣል። የመጀመሪያው ተሸላሚ የሳውዝሃምፕተኑ ማት ለቲሲየር ነበር፤ ከ48 ፍጹም ቅጣት ምት 47ቱን ያገባው ሰውዬ።

እስካሁን ያወራነው ተጫዋቹ ይቆይ ወይስ ይሂድ በሚለው ነው። ክለቡስ? ቶማስ ሙለር ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ባየርን ሙኒክ ነበር። 756 ጨዋታ፣ 13 የሊግ ዋንጫ። በ2025 መቀጠል ፈልጎ ክለቡ አዲስ ውል አላቀረበለትም። ወደ ካናዳው ቫንኩቨር ሄደ። የሮማው ዳንኤሌ ዴ ሮሲ በ2019 ያው ደረሰበት፤ ከ616 ጨዋታ በኋላ። ሊዮኔል ሜሲ ደግሞ በ2021 ደመወዙን በግማሽ ለመቀነስ ተስማምቶ ነበር። ባርሴሎና ግን የላሊጋውን የደመወዝ ገደብ አልፎ ስለነበር ሊያስመዘግበው አልቻለም። በ13 ዓመቱ የገባ ሰው እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ወጣ። እነዚህን ሦስቱን ማን ነው ታማኝ ያልነበሩት ብሎ የሚወቅሳቸው?

ተጫዋቹ ሲሄድ ግን ወቀሳው አይቀርም። ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሊቨርፑል ነበር። የቻምፒየንስ ሊግና ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አምጥቷል። በ2025 ውሉ ሲያልቅ ወደ ሪያል ማድሪድ እንደሚሄድ አሳወቀ። በገዛ ሜዳው፣ በአንፊልድ፣ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ የራሱ ደጋፊ ጮኸበት። ክለብ ሲያሰናብት «ቢዝነስ ነው» ይባላል። ተጫዋች ሲሰናበት «ክህደት»። ደጋፊው መናደዱ ይገባኛል፤ እሱ ክለብ መቀየር አይችልም፣ ሌላውም እንደሱ እንዲሆን ይፈልጋል። ግን ሚዛኑ አንድ ወገን ላይ ብቻ ነው የሚጭነው።

እስከ መጨረሻው የቀረ ሰው እንኳ አይድንም። ፓኦሎ ማልዲኒ ለኤሲ ሚላን 902 ጊዜ ተሰልፏል። አምስት የአውሮፓ ዋንጫ፣ ሰባት የጣሊያን ሊግ። ሜይ 24 ቀን 2009 በሳን ሲሮ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ ከጎሉ ጀርባ ያሉት ጽንፈኛ ደጋፊዎች አፏጩበት። በዓመታት ውስጥ እነሱን ተናግሯቸው ስለነበር ቂም ይዘው ኖረዋል። የባሬሲን ስም እየጠሩ ዘፈኑበት። ያን ቀን ተጋጣሚው ሮማ ነበር፤ የቶቲ ሮማ።

ክለቡ የማልዲኒን 3 ቁጥር ማሊያ ማንም እንዳይለብሰው አስቀመጠው፤ ከልጆቹ አንዱ ለዋናው ቡድን ከደረሰ ብቻ ይወጣል ተባለ። አያታቸው ቼዛሬም የሚላን አምበል ሆነው በ1963 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሱ ናቸው። ትንሹ ልጅ ዳንኤል በ2020 ለሚላን ዋናው ቡድን ደረሰ። የለበሰው ግን 3 ቁጥርን አልነበረም። በውሰት ወደ ስፔዚያ፣ ወደ ኢምፖሊ፣ ወደ ሞንዛ ተላከ፤ ሞንዛ አስቀረው፣ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ አታላንታ ገባ። 3 ቁጥሯ እዚያው ሚላን ቤት ቀረች።